ሰካራሞቹ ችካሎች

ዓርብ

አባቴና ኦቦ ቶሎሳ ዛሬም በውሃ ተጣሉ። ያውም ጎማ ውስጥ ባለ ውሃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ የትምህርት ቤታችንን ሽንት ቤት ይዞት ሄደ። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ጎርፉ የቆፈረው ቦረቦር እንዲህ እየሰፋ ከሄደ በሚቀጥለው ክረምት የሚወስደው የጫልቱን ቤት ነው። ጫልቱ ጓደኛዬ ናት፤ ኦቦ ቶሎሳ አባቷ ናቸው። ስለዚህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ማንንም ሳይጠብቁ ኮረብታው ላይ እርከን ሊቆፍሩ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ችግኝ ሊተክሉ ተነሡ። አባቴ የቀለምና የብረታ ብረት ሱቅ ስላለው ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን፣ ውሃ የሚሞላበትን ረጅም ነጭ ጎማ አዋጣ። አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን ኦቦ ቶሎሳ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ሲቆም ቦታው እኩል ከፍታ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ችካል ይመታል።

«እኔ ጋ ልክ ነው!» ይላል አባቴ።

«እኔ ጋም ልክ ነው! አንተ ነህ የተንቀሳቀስከው፣ ሸምሱ!»

«ኧረ እርስዎ ነዎት! እኔ ንቅንቅ አላልኩም!»

(ይሄ እውነት ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ።)

የችካሎቹ መስመር ኮረብታውን ተከትሎ ይጠማዘዛል። ጉብታውን ዞሮ፣ ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ ይወጣል። «አባ፣ ይሄ መስመር ጠጅ ቤት አምሽቶ ነው እንዴ?» አልኩት። ጁምዓ ሊሄድ እየተጣደፈ ስለነበር አልሳቀም። ኦቦ ቶሎሳ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሣር ውስጥ እንዳይጠፉ የችካሎቹን ጫፍ ቀለም ቀቧቸው ተባልን። ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ የቀረ ቀይ አንቲረስት፣ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ ቀለም፣ ነበር። እኔና ጫልቱ ቀባን። ጥፍራችንንም ጭምር።

ቅዳሜ

ከጫንጮ የሚመጣ ሚኒባስ የለም። ተቃዋሚዎቹ ልጆች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል አሉ። ሰበታም ቡራዩም እንደዚሁ ነው ይላሉ። ሁሉም በማስተር ፕላኑ የተነሣ ነው፤ አዲስ አበባ እየሰፋች ወደ እኛ ትመጣለች፣ የገበሬው መሬት ይሄዳል ነው ነገሩ። ኢንተርኔት ጠፍቷል። ስለዚህ ወሬ በእግሩ ነው የሚሄደው። ግን ከሚኒባስ ይፈጥናል።

እማዬ ዛሬ ያደረገችው፦ ጄሪካን ሁሉ ውሃ ሞላች። ድንገት መሮጥ ቢመጣ ብላ የሁላችንንም ጫማ በር ጋ ደረደረች። ወርቋን ደበቀች። የት እንደደበቀችው ረሳች።

ከሰዓት በኋላ የሆነ ነገር ጧ! አለ። አባቴ «የመኪና ጎማ ነው» አለ። መኪና በማያልፍበት መንገድ ምን ዓይነት ጎማ ነው የሚፈነዳው? አልጠየቅኩትም። ሌላ መልስ ይሰጠኛል ብዬ ፈራሁ።

እሑድ

ጫልቱ በጓሮ በኩል እየሮጠች መጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የለም።

«ሐያት፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? ኮረብታው ተቸክሏል፣ ቶሎሳ ለኢንቬስተር ሸጦታል፣ ቀለሙን የሰጠው ባለሱቁ ሸምሱ ነው እየተባለ ነው!»

መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ከዚያ ቀዩን ጥፍሬን አየሁ። እኛ ሰፈር ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። መጀመሪያ ችካል ይመጣል። ከዚያ ዶዘር፣ ከዚያ አጥር። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው ምክር ሲያድል የሚውል፣ አንዱም እንኳ አላሰበውም። እኛማ ጥፍራችን እስኪደርቅ እፍ እፍ እያልን ነበር።

«ለሚስ?» አልኳት። ለሚ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከዓርብ ጀምሮ ከተቃዋሚዎቹ ልጆች ጋር ስለሆነ ቤት አልገባም።

«እሱም አምኗል» አለችና ፊቷን ሸፈነች። በቀይ ጥፍሯ።

አባቴ ኦቦ ቶሎሳ ጋ ሄደ። እኔም ተከትዬ አጥር ጥግ ቆምኩ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ አሁኑኑ እንንቀለው።»

«ከነቀልኩትማ በቃ፣ ሸጬ ነበር ብዬ አመንኩ ማለት ነው።»

«ካልነቀሉት ቤትዎን ያቃጥሉታል!»

«ካልቆፈርኩ ደግሞ ጎርፉ ይወስደዋል። እስቲ የትኛው እንደሚሻለኝ ንገረኝ፣ ሸምሱ።»

አባቴ ሳይሰናበት ወደ ቤት ተመለሰ። ሳይሰናበት ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ያስፈራል።

ጥፍሬን በቲነር ፋቅኩት፤ አልለቅ አለ። ለብረት በር የተሠራ ቀለም ነዋ።

ሰኞ

እማዬ መብራት ስላጠፋች ጽሑፌ አስቀያሚ ነው። (ሁልጊዜም አስቀያሚ ነው። ዛሬ ምክንያት አለው።)

ተቃዋሚዎቹ ልጆች ወደ ኮረብታው እየመጡ ነው ሲባል፣ አባቴ «ከቤት እንዳትወጪ» ብሎኝ፣ የውሃ ልኩን ጎማ ይዞ ኮረብታው ላይ ከኦቦ ቶሎሳ ጎን ሊቆም ሄደ። እኔም ወጣሁ።

ልጆቹ ከታች መጡ። ብዙ ናቸው። ዱላ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ። አንዱ የቤንዚን ጄሪካን አንጠልጥሏል። «ላፍቲ ኬኛ! መሬታችን!» እያሉ ነው። ለሚ መሐላቸው ነው። አባቱን ላለማየት ጫማውን ያያል።

«ማነው የቸከለው?» አለ ከፊት ያለው ረጅሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። በቃ። ለአንድ ጎማ ውሃ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰውዬ፣ ዛሬ ሁለት ቃል!

አባቴ ደግሞ ኦሮምኛውም አማርኛውም አንድ ላይ ጠፋበት። እኔ ጥፍሬ እንዳይታይ እጄን ብብቴ ውስጥ ወትፌያለሁ። ረጅሙ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ተጠጋ። ዱላው ከፍ ሲል አፌ ሳላዘው ተከፈተ፦

«ኧረ መስመሩን እዩት እንጂ! ዶዘር እንደዚህ ሰክሮ ይሄዳል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምላሴን መዋጥ አማረኝ።

ለሚ ግን መስመሩን አየ። ጉብታውን ዞሮ፣ ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ ሲወጣ። ለኢንቬስተር መሬት የሚለኩት ቀያሾች ችካል እንዲህ አይጠማዘዝም፤ ቤትም ይሁን መቃብር ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ለሚ ጎንበስ አለና መሬት ላይ የወደቀውን የጎማ ጫፍ አነሣ። አባቴ ማንም ሳይለው ሌላውን ጫፍ አነሣ። ውሃው ተወዛወዘ፤ አባቴ ነው ያንቀሳቀሰው። ቀስ ብሎ እኩል ቆመ።

«ለጎርፍ ነው?» አለ ለሚ።

«ለቤትህ ነው» አሉ አባቱ።

ረጅሙ ዱላውን አወረደ። «እኛ አመንን እንበል» አለ። «ነገ የሚመጡት ግን ከሩቅ የሚያዩት ቀዩን ነው።» ከዚያ ችካሎቹን አንድ ሳያስቀሩ ነቅለው፣ ቤንዚን አርከፍክፈው እዚያው አቃጠሏቸው። ቤት ላይ ሊደፉት የመጡትን ቤንዚን። ለሚም አብሯቸው ወረደ።

አባቴ ለምን ወጣሽ ብሎ አልተቆጣኝም። ከቁጣው ይሄ ባሰብኝ።

ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ ኦቦ ቶሎሳ ጓሮ ተሰበሰቡ። ቶሎ ቶሎ ያወራሉ፤ አስፋልቱ ላይ መለዮ ለባሾች በመኪና ይመላለሳሉ። ሰው ሲሰበሰብ ለእነሱ አድማ ነው፣ ሰው ሲቆፍር ለልጆቹ መሬት ሽያጭ ነው። የትም መግቢያ የለም።

ችካል ድጋሚ አይታሰብም። «ድንጋይ እንደርድር» አለ አንዱ። «የድንበር ምልክት ይመስላል» አሉት። «ኖራ» አለ አባቴ። «መንገድ ሊሠሩ ነው ይሉናል።» ጫልቱ በዚያ መሐል ኩበት ልትጠፈጥፍ እበት በቅርጫት ይዛ አለፈች።

«በእበት ለኩት!» አልኩ። «መንግሥት በእበት አይለካም!»

«አንቺ ምላስ! ዝም አትይም?» አለ አባቴ።

ኦቦ ቶሎሳ አልሳቁም። ጫልቱን አስቁመው ቅርጫቱን ተቀበሉ። «ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እስቲ ድገሚው።»

ረቡዕ

«እኔ ጋ ልክ ነው!»

«እኔ ጋም ልክ ነው!»

ጧፍ! እበት። ጫልቱ ትጥላለች፣ እኔ በእግሬ እደፈጥጣለሁ። አባቴ ልብሱን ሰብስቦ እንደ ሽመላ ነው የሚራመደው፤ ለዙህር ሶላት ሊያጥበው የሚገባውን እያሰበ መሆኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከኋላችን ሽማግሌዎቹ መቆፈር ጀመሩ። ከሩቅ ስናየው ላሞች ተሰልፈው ያለፉበት ይመስላል። ሰክረው።

ረፋድ ላይ ለሚ በማሳው በኩል መጣ። ግንባሩ ተልጧል። ማንንም ሰላም አላለም። የተሸከመውን ጆንያ አባቱ እግር ሥር አወረደው።

ኦቦ ቶሎሳ ጆንያውን ከፍተው አዩ፤ እበት ነው። «ትኩስ ነው?»

«የዛሬ ነው» አለ ለሚ። ዶማ አነሣ።

እኩለ ቀን ላይ ከጫንጮ በኩል ጭስ ታየ። ጥቁር፣ ወፍራም። የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ቀና አለ። ለሚ ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ ጎንበስ ሲሉ ሌላውም ጎንበስ አለ። ቆፈርን።

ቀዩ ጥፍሬ አሁን አይታይም። እበት ሸፍኖታል።

እማዬ ዛሬም የሁላችንን ጫማ በር ጋ ደርድራለች። የእኔን ግን ስለሚሸት ውጭ አድርጋዋለች። መሮጥ ከመጣ ወጥቼ ነው የምጫማው። ካልመጣ፣ ነገ እዚያው ይጠብቀኛል።