ዓይንህን አውሰኝ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ኬሚስትሪ ተፈተንን። ከሃያ አሥራ አንድ ባገኝ ነው። ቤት ስገባ አጎቴ የወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ማን ፈቀደለት? ወንድሜ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም።

"ና እስቲ" አለኝ። "ኮምፒውተሩን አጸዳሁት። ተጨናንቆ ነበር፣ አሁን እንደ አዲስ ሆኗል።"

"ምን አደረጉት?"

"ፎርማት ነዋ!"

ፎርማት ነዋ። ጠረጴዛ የወለወለ ነው የሚመስለው። ወንድሜ ፎቶ ለማተም ሁለት ዓመት የለፋበት ሁሉ... ፎቶ የሚደረድርበት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ወረቀት ያስተካከለው ቀለም... ድራሹ ጠፋ። ፎቶዎቹ ብቻ ፍላሽ ላይ ስለነበሩ ተረፉ።

የእማዬ ወንድም ነው፣ አብሮን ይኖራል። ፊት ለፊት ጋሼ፣ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልልም። ደብተሩ የኔ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የመቃብሩን ድንጋይ የሚጠርበው ሰውዬ ደወለ። ድንጋዩ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ይፈልጋል። "እስከ አሥራ አምስት ካላደረሳችሁ ያለ ፎቶ እተክለዋለሁ" አለ።

እማዬ መንገድ ዳር ያለው ፎቶ ቤት አሳትማ መጣች። ይሄ ማነው? ፊቱን አንጥተውታል። ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጥፍተዋታል። እማዬ ራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

"ያምራል" አለች። "ግን ልጄ አይደለም።"

እኔ አትመዋለሁ አልኳት። በየትኛው ችሎታዬ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ፕሮግራሙን ጫንኩ። የፕሪንተሩንም ጫንኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ጭንቅላቱን ቆርጦ አወጣው። ሁለተኛው አጋደመው። ሦስተኛው ልኩን ይዞ ወጣ... ፊቱ ግን ቀይ ሥር! ስክሪኑ ላይ ደህና ነው፣ ወረቀቱ ላይ ቀይ ሥር።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ "ሙቀት ነክቶት ይሆናል" አለ። ማንን? ፕሪንተሩን ወይስ ወንድሜን? ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት። እሱ ላይ አይደለም... እሱ ባለበት በኩል ነው። ሄደ።

ሰፈሩ ወንድሜን "አባ ቀለም" ነበር የሚለው። አባ ቀለም ይሄን በአምስት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። ከዚያ እንደ ልማዱ ይጣራል፦ "ጩጬ! ዓይንህን አውሰኝ!" በቀን ሃያ ጊዜ። ይሄ ቀልቷል? ይሄኛውስ? እንደ አስተማሪ የሚፈትነኝ እየመሰለኝ እናደድ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አሁንም ቀይ ሥር።

እሑድ፣ የካቲት 9

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ መጣች። "ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ የኔ ልጅ... ወላጆቹ ቢጠይቁኝ ነው።" የሃያ ሁለት ልጆች የክፍል ፎቶ። ወንድሜ ሊያትምላት ተቀብሎ ነበር። አላየሁም አልኳት።

ስትሄድ መሳቢያውን ከፈትኩ። አለ። ታትሟል። ሃያ ሁለቱም አረንጓዴ፣ እንቁራሪት ነው የሚመስሉት። እንዴት ይሄን አላየም? አባ ቀለም እኮ ነው! ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ ጽፏል፦

"ጩጬ አላየውም።"

ያን ቀን ኳስ ልሄድ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራኝ። "የራስህ ዓይን የት ሄደ?" አልኩት። ሳቀ። "እሺ በቃ፣ ስትመለስ" አለ። ስመለስ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። በአራተኛው ቀን...

አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ፎቶውን ለእማዬ አሳየኋት። ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

"ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር" አለችኝ። "ከልጅነቱ። ስድስት ዓመቱ ላይ ሣሩን ሁሉ ቡናማ ቀብቶ ከትምህርት ቤት መጣ። ያኔ ነው ያወቅኩት።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አስማለኝ። 'ለጩጬ እንዳትነግሪው፣ ያከብረኛል' አለኝ።"

ያከብረኛል! በንዴት በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ይቻላል? ይቻላል። ዓይንህን አውሰኝ ሲል የምሩን ነበር እኮ! ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ኳሱን እተወው ነበር... እተወው ነበር? እንጃ። ውሸታም። አንተም፣ እኔም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

እማዬ ከአልጋው ሥር አንድ ደብተር አወጣችልኝ። ቁጥር ብቻ ነው። ለካ ቀለምን በቁጥር ነበር የሚያውቀው። እያንዳንዱ ፊት ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ሰማያዊ እንዳለው ጽፏል። ቁጥሩን ስክሪኑ ይነግረዋል። ወረቀቱ ላይ የወጣውን ግን የሚነግረው የለም። ከኔ በስተቀር።

የእማዬ አለ። የጋሼ አለ። "ጩጬ፦ ከኳስ ሲመለስ ቀይ ጨምርበት።" እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፣ ሳቄም አናደደኝ። ከሥሩ፦ "እኔ፦ 142፣ 98፣ 74። ጩጬ ልክ ነው ብሏል።"

መቼ ነው ያልኩት? ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ ብዬው ቢሆንስ?

ሌላ ገጽ ላይ፣ ሁለቴ የተሰመረበት፦ "ቀለሙን ወይ ፕሮግራሙ ያስተካክል፣ ወይ ፕሪንተሩ። ሁለቱም ከነኩት ፊት ይቀላል።"

ደንቆሮ! እኔን ነው። ሳምንት ሙሉ ሁለቱንም ከፍቼ... የፕሪንተሩን ማስተካከያ አጠፋሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥቼ አተምኩ። ቁጥሩ ልክ ነው። ዓይኔ ግን... አንዴ ጠቆረብኝ፣ አንዴ ቀላብኝ። ብዙ ሲያዩት ዓይን ይለምዳል። እንባም ነበር፣ ምን እደብቃለሁ? ነገ ጠራቢው ይመጣል። ስህተት ከሆነ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀረው።

አጎቴ በር ላይ ቆሟል። ወረቀት ከወረወርኩበት ቀን ወዲህ የክፍሉን ደፍ አልረገጠም።

"ጋሼ" አልኩ። "ዓይንዎን ያውሱኝ።"

ገቡ። ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና እንደገና አዩ።

"ጠባሳዋ አለች" አሉ። "እኔ ነኝ እኮ የጣልኩት... ብስክሌት አስተምርሃለሁ ብዬ።"

"ቀለሙስ?"

"እሱ ነው" አሉ። "ራሱ ነው።"

ከዚያ ወረቀቱን እንደያዙ "ኮምፒውተሩን... ላግዝህ ብዬ ነበር" አሉኝ።

"አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።"

"ተናደድ" አሉ። "እኔም በራሴ ተናድጃለሁ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠራቢው ፎቶውን ወሰደ። እማዬ አንድ ለራሷ አስቀረች።

የልጆቹን ፎቶ እንደገና አተምኩ። ጋሼ በመስኮቱ ብርሃን አንድ በአንድ አዩልኝ። ሃያ ሁለት ፊት፣ አንድም እንቁራሪት የለም። አስተማሪዋ ሰኞ ትወስደዋለች።

አረንጓዴውን አልጣልኩትም። ገለበጥኩትና ከወንድሜ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ ጻፍኩ፦

"አየሁት።"