«አይመለስም» ስለተባለው የባለቤቴ የብድር ዋስትና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ብሬንት ሁትስለር፣
በከተማችን ትልቁ የመኪና መሸጫ የብድር ውል ክፍል ኃላፊ

ካንሳስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ በጋዜጣችን ላይ የወጣ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ በተለይም በተፈታ አንደበት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። አንደበት የጤና ሁሉ ቁንጮ መሆኑን ከእርስዎ ወዲያ ያስተማረን የለም።

ባለቤቴ ዌንደል ስታምባው ሰማያዊዋን ፒክአፕ ከእርስዎ በብድር ሲገዛ፣ አንድ ዋስትና እንደጨመሩለት ያስታውሱ ይሆናል። መኪናዋ ተጋጭታ ከጥቅም ውጭ ብትሆንና ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ከቀረው ዕዳ ቢያንስ፣ ልዩነቱን የሚሸፍን ነው ብለውታል። ዋጋውንም ከብድሩ ጋር ስለደመሩት ወለድ ጭምር ስንከፍልበት ኖረናል፤ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን።

ባለፈው መኸር ዌንደልን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ አእምሮው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ከነዕዳው መታመም ስላልወደደ ላሞቹን ሸጦ ብድሩን ከጊዜው በፊት ዘጋ። ዕዳ ለሌለበት ሰው የዕዳ ዋስትና ለሬሳ እንደተገዛ ጫማ ነው፤ ውሉም ላልተጠቀምንበት ጊዜ ገንዘቡ እንደሚመለስ በግልጽ ይናገራል። ይህን ብለን ስንጠይቅዎ ያደረጉልንን መስተንግዶ ሕዝብ ይወቅልዎ፦

፩ኛ) «አንዴ የተፈረመ አይሰረዝም» አሉን። አንቀጹን በስልክ ባነብልዎ ጊዜ «እንግዲያው አበዳሪውን ጠይቁ» አሉን፤ አበዳሪው ደግሞ «ሻጩን ጠይቁ» አለን። በስተርጅና ኳስ ሆነን መንከባለላችን ለጤናችን ሳይበጅ አልቀረም።

፪ኛ) የስረዛ ማመልከቻችንን በአደራ ደብዳቤ ልከን፣ እርስዎ ፈርመው ከተቀበሉ በኋላ «ደርሶናል፣ ግን ጠፍቷል» በማለት በሐቀኝነትዎ አስደነቁን።

፫ኛ) ይህን ከቁጥር ውስጥ ባላስገባው እወድ ነበር። ዌንደል አንድ ቀን ራሱ ደወለልዎ። ገና ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ፣ አጠገብዎ ላለው ባልደረባዎ «ሰካራም ነው መሰለኝ፣ በጠዋቱ ጠጥቶ!» ሲሉ ሰማ፤ ሣቃችሁንም ሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ። በቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ወይን ቀምሶ የማያውቀው ባሌ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ማንሣት ተወ። ልጃችን ስትደውል እንኳ ወደኔ ይገፋው ነበር። ሐኪም ያዘዘለትን የንግግር ልምምድም አቆመ፤ ቤታችን ጸጥ አለ። ስለዚያ ጸጥታ ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም።

እንግዲህ በታላቁ የቅናሽ ሽያጭ ቀን፣ ፊኛው ተሰቅሎ ሆት ዶጉ በነጻ ሲታደል፣ ሁለታችንም ሳንጠራ መጣን። እርስዎ ወጣት ባልና ሚስትን የመኪና ብድር ውል እያስፈረሙ ነበር። እኔ አፌን ስከፍት ዌንደል ክንዴን ያዘኝ።

«እኔ… ነኝ… የምናገረው» አለኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ሰው በዝቷል፤ ሰኞ ብቅ ይበሉ» አሉት እርስዎ፣ ዓይንዎን ከወረቀቱ ሳያነሡ።

ዌንደል አልተንቀሳቀሰም። «ስሜ… ዌንደል… ስታምባው… ነው» አለ። እርስዎ ሊያቋርጡት ሲሉ ወጣቱ ባል «ተወው፣ ይጨርስ እንጂ!» አለዎት። ዌንደልም እያንዳንዱን ቃል ከድንጋይ ሥር እንደሚነቅል ሰው፣ «ሰካራም… አይደለሁም። የዋስትና… ውሌን… ሰርዝልኝ» ብሎ ጨረሰ። ሻጮቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

ወጣቷ ሚስት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ አሁን ልታስፈርሙን ያሰባችሁት ዋስትና እሱ ነው እንዴ?» ስትልዎ፣ ጠፍቶ የነበረው ማመልከቻ በተአምር ከመሳቢያዎ ወጣ። እዚያው ፊታችን ፈረሙበት። በሚቀጥለው ሳምንት ቼኩ ደረሰን፤ ቆጥረነዋል፣ ልክ ነው። ከእርስዎ ጋር ከተዋዋልን በኋላ ሁሉን መቁጠር ለምደናል።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ስለ ስንዴው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤታችን የተጋደመ አጥር ሲናገር መንገዱ አለቀ። ቤት ደርሰንም መኪናዋን አጥፍቼ እስኪጨርስ ተቀመጥኩ።

ክብርዎ እንደ ወለድዎ ከወር ወር እየጨመረ እንዲሄድ የምትመኝልዎ፣ ከእንግዲህ ግን ማናቸውንም ነገር ከእርስዎ የማትገዛ፣

ሎረታ ስታምባው

ማሳሰቢያ፦ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? በራስዎ ቃል ይግለጹ» የሚለው መጠይቅዎ ትናንት ደርሶናል። ዌንደል በግራ እጁ እየሞላው ነው። ገና በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው፤ ቃሉን አይቼዋለሁ፣ ጋዜጣው አያትመውም።