ሳጥኗ «ትናንት» ትላለች

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ለልጆቼ አባት፣ ለጥንቁቁ ባለቤቴ፤

እንደ ልማዴ «ብርዱ እንዴት ይዞሃል?» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰላምታውን ላቆየውና መጀመሪያ ቤታችን የገባውን ጉድ ልንገርህ። ከድንጋጤዬ ገና ስላልወጣሁ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ በጄሶ የታሸገ ክንዷን ስታወራጭ የሻይ ብርጭቆ ገፋችና እህቷ ላፕቶፕ ላይ ደፋችው። ትልቋ የመመረቂያ ሥራዋን የምታስረክበው ሰኞ ነበር። ላፕቶፑ አንዴ ብልጭ አለና ድርግም ብሎ ቀረ። ልጅህ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ቁጭ አለች። ትንሿ ደግሞ ጠረጴዛው ስር ገብታ አልወጣም አለች። እኔም ስንት ወር የተለፋበት ነገር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሲሄድ እያየሁ ላፕቶፑን በጨርቅ መጥረግ ያዝኩ።

ያኔ ነው ነጯ ሳጥንህ ትዝ ያለችኝ። ከመሄድህ በፊት የሳሎኑ መስኮት ላይ ያስቀመጥካት፣ ዋይፋዩንም ሃርድ ዲስኩንም በሆዷ ይዛ የቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ በየቀኑ ኮፒ የምታደርገዋ። ስትገጥማት «ሦስት ኮምፒውተር ላለው ቤት ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?» ብዬ ስቄብህ ነበር። አንተ ደግሞ እንደ አስተማሪ ጣትህን ቀስረህ፣ «ሰው ይረሳል፣ እሷ አትረሳም። ማንም ምንም መንካት የለበትም። ኮምፒውተሩ ዋይፋዩን ካገኘ ራሷ ታውቃለች» አልከን። ንግግርህን በቃሌ ይዤዋለሁ። አንተ ግን የረሳኸው ይመስለኛል።

ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራነው፤ ያንን ከፋርማሲው ጎን ያለውን፣ ከሥራው ወሬው የሚበልጠውን። የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ሳጥኗን ከፈታት። የልጅህ ሥራ ዓርብ ዕለት እስከጻፈችው የመጨረሻ መስመር ድረስ፣ አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ትልቋ ያን ጊዜ አለቀሰች። ትንሿም ከጠረጴዛው ስር ወጣች። እኔ በሆዴ «እጅህ ይባረክ» አልኩህ። እስከዚህ ድረስ ቀኑ ያንተ ነበር።

ሰውዬው ግን ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሎ የሚሄድ ዓይነት አይደለም። «ባክአፑ የሁሉንም በትክክል እያነሳ መሆኑን ልይላችሁ» ብሎ ዝርዝሩን አወጣው። ትልቋ ከትከሻው በላይ ሆና ታነባለች። የእሷ ኮምፒውተር መጨረሻ ኮፒ የተደረገው፣ ትናንት። የእኔ፣ ያ የደንበኞቼን ልክ የማስቀምጥበት አሮጌ፣ ትናንት። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ‹የአባት› የሚለውም ትናንት ይላል።»

ክው አልኩ። አንተ ላፕቶፕህን በትከሻህ አንጠልጥለህ ውጭ አገር ፋብሪካ ልሠራ ብለህ ከዚህ ቤት ከወጣህ አምስተኛ ወርህን ይዘሃል።

«ከውጭ አገር ሆኖ በኢንተርኔት እየላከ ይሆናል» አልኩት ሰውዬውን።

«አይችሉም እትዬ» አለኝ ራሱን እየነቀነቀ። «ባለቤትዎ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፣ ከውጭ የሚገባበትን መንገድ በሙሉ ዘግተውታል። እዚህ ሳጥን ውስጥ ለመግባት የዚህን ቤት ዋይፋይ መያዝ የግድ ነው። ዋይፋዩ ደግሞ ቢበዛ ቢበዛ መንገዱን ቢሻገር ነው።»

«ታዲያ ላፕቶፑ የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነዋ። ወይ ግቢው ውስጥ፣ ወይ ጎረቤት፣ ወይ ፊት ለፊት።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ሌባ ነው። ቀጥሎ ያሰብኩትን መጻፍ እንኳ ያስፈራኛል፤ አንተ አንድ ነገር ሆነህ ዕቃህ ብቻ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ሰውዬው «የይለፍ ቃሉን ልቀይርና ላስወጣው? ወይስ ውስጡ ምን እንዳለ ልክፈተው?» አለኝ። አይሆንም አልኩ፣ ሁለቱንም። ለልጆቹ ሳጥኗ ቀን ተሳስታ ነው አልኳቸው። ትንሿ አመነችኝ። ትልቋ ያመነች መሰለች።

ሰዉ ሁሉ ከፊቴ ዞር ካለ በኋላ እዚህ መኪናዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ክር ለማስገባት ብሞክር መርፌውና ክሩ አንገናኝ አሉኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከማዶ ከላውንደሪው የማጠቢያ ማሽኑ ያጉረመርማል። ይህን ድምፅ ሌላ ቦታም አውቀዋለሁ። እሁድ እሁድ ስትደውል ከጀርባህ የሚሰማው ነው። «ምንድነው የሚያንጎራጉረው?» ብዬ ስጠይቅህ «ፋብሪካው ነዋ፣ እዚህ እሁድ የለም» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። ባለፈው ሳምንት «የትንሿ ክንድ እንዴት ሆነ?» ብለህ ጠየቅከኝ። መውደቋን አንተ እንዳትሰማ ልጆቹን አስጠንቅቄያቸው ነበር። ትልቋን «አፍሽ አያርፍም» ብዬ ተቆጣኋት፣ «አልነገርኩትም» ብላ ማለች፣ አላመንኳትም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳት።

እሁድ ስልኩ ሲጮህ ልቤ ከስልኩ በላይ ይመታ ነበር። ልጆቹ አውርተውህ ሲጨርሱ ስልኩን ይዤ ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄድኩ። አስቀድሜ ስልኬን ከዋይፋይ አውጥቼ በዳታ አድርጌዋለሁ። «በረዶው እንዴት ነው?» አልኩህ። «ዛሬ ቀለል ብሏል፣ ጠዋት ግን...» አልክ። እጄን ሰድጄ የሳጥኗን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት። «ጠዋት ግን» ላይ ድምፅህ ተቆረጠ።

የማዶው ማሽን ማጉረምረሙን አላቆመም። ገመዱን መልሼ ሰካሁት፣ ሳጥኗ መብራቷን አብርታ ስትረጋጋ ደወልክ። «እዚህ አገር ኔትወርኩ ምን እንደሆነ እንጃ» አልከኝ። እኔም «አይዞህ፣ እዚህም እንደዛው ነው» አልኩህ። ባሕር ማዶ ያለ ባሌ በራሴ ዋይፋይ፣ እኔ በየወሩ በምከፍለው ኢንተርኔት እየደወለልኝ ነው። ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ሌላ ሆነ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙኝ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ያን ዕለት ያልጠረጠርኩህ ነገር የለም። ሌላ ሴት አለችው አልኩ። ሌላ ልጅም አስቤ ነበር። ሰኞ አብሮህ ለፋብሪካው የተቀጠረው የዚያ የቀዩ በያጅ ሚስት አድራሻችሁን እንድትሰጠኝ ልጠይቃት ሄድኩ። ራሱን በያጁን ደጃፉ ላይ መነጽሩን አጥልቆ የብረት በር ሲበይድ አገኘሁት። «አንተም አልሄድክም?» አልኩት።

«እንዴ፣ አልነገረሽም እንዴ?» አለኝ። «ኤርፖርት ስንደርስ ትኬቱ የውሸት ነው አሉን። የደላላው ስልክ ዝግ ነው። ፋብሪካውን ብናፈላልግ እንዲህ የሚባል ፋብሪካ የለም። ሁላችንም ሻንጣችንን እየጎተትን ወደየቤታችን ገባን።» ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ነው ከሁላችን የበለጠ የተጎዳው እህቴ። የሁላችንንም ወረቀት ያጣራው እሱ ነበራ። ‹አይቼዋለሁ፣ ምንም እንከን የለውም› ሲለን አርፈን ተኛን። አንዳችንም አልወቀስነውም፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም።»

አየህ፣ ያኔ ገባኝ። ጋዝ መዘጋቱን ሁለቴ የሚያይ ሰው፣ የጠርሙስ ክዳን ሳይቀር መጠባበቂያ የሚያስቀምጥ ሰው መታለሉን ለማን ይናገራል? እኔ ሌላ ሴት ስፈልግልህ ውዬ ማደሬን ሳስበው አፈርኩ። አንጀቴን በላኸው። ግን ደግሞ ተናድጃለሁ፣ እንዲህ በቀላሉ የምታልፍ እንዳይመስልህ። «ኤርፖርት ድረስ አትምጡ፣ ለቅሶ አልወድም» ብለህ ከደጃፍ ነው የተሰናበትከን። ያን ዕለት አብሬህ ብሆን የሻንጣውን አንድ ጆሮ እኔ ይዤልህ እንመለስ ነበር። ወሬውንም እኔው አወራልህ ነበር፤ አፌን ታውቀው የለም?

ትናንት አንሶላ ይዤ ወደ ላውንደሪው ተሻገርኩ። ከተተኮሱት ሸሚዞች መሐል ያ ባለ ሰማያዊ መስመሩ ተሰቅሏል። ከርቀት ነው ያወቅኩት፤ ኮሌታው ሲነትብብህ ገልብጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

«የማን ነው?» አልኳት የላውንደሪውን ባለቤት፣ አንሶላዬን እያስረከብኩ።

«የላይኛው ፎቅ ተከራዬ ነው» አለችኝ። «ማሽኖቼን ይጠግንልኛል። እንዴት ያለ ዝምተኛ ሰው መሰለሽ። ከሥራ ሲወጣ መስኮቱ ስር ቁጭ ብሎ መንገዱን ማየት ነው። ያሳዝናል፣ ቤተሰቡ ውጭ አገር ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የደነገጥኩ መስሎኝ ነበር። ድንጋጤ ማለት ይህ ነው። ውጭ አገር ያለነው እኛ ነን ለካ። ትንሿ በዚያ መስኮት ስር ስትወድቅ አይተሃታል፣ ሮጠህ ልታነሳት አልቻልክም። እኔ ያንን ቀዳዳ ጋውን ለብሼ፣ ፀጉሬን በእስክሪብቶ ጠቅልዬ ልብስ ሳሰጣ አምስት ወር ሙሉ ስታየኝ ነበር ማለት ነው። ቢያንስ ቀድመህ ብትነግረኝ ጋውኑን እቀይረው ነበር።

ደረጃው ስር ሄጄ ቆሜያለሁ። አንድ እግሬን አሳርፌም ነበር። ከዚያ መለስኩት። ወጥቼ ባንኳኳ የተያዘ ሰው ትሆናለህ፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ወደ ቤቱ የመጣ ሰው ነው። ሳጥኗ ውስጥ ያለውን ያንተን ነገርም ለዚህ ነው ያላስከፈትኩት። የሆነውን ሁሉ ካንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፣ አሳምረህ ባትናገረውም። ለልጆቹም የምትነግራቸው አንተ ነህ። የእኔ «ሳጥኗ ተሳስታ ነው» እስከ መቼ እንደሚያዛልቀን አላውቅም፤ ትልቋ ከቅዳሜ ወዲህ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ሸሚዙን ሴትየዋን ለምኜ አመጣሁት። ኮሌታው እንደገና ሊነትብ ነው፣ ዛሬ ደህና አድርጌ አጠንክሬዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ደረት ኪሱ ውስጥ ተቀምጦ ይደርስሃል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጠጋኙን ዛሬ መልሼ ጠራሁትና ሳጥኗን ከሳሎኑ መስኮት አንስቶ ወደ ውስጠኛው መኝታ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እንዲያዞርልኝ አደረግኩ። ያንን ወፍራም ግድግዳ ታውቀዋለህ፣ ምስማር እንኳ ያስመረረህን። ስልኩን ይዞ ዞሮ ዞሮ ለካው፤ ዋይፋዩ ከሳሎኑ በር አያልፍም። የይለፍ ቃሉን አልቀየርኩም። የበሩን ቁልፍም አልቀየርኩም፣ ያንተው ይከፍተዋል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከማዶ ሆኖ ኮፒ ማድረግ የለም፣ ከማዶ ሆኖ መደወልም የለም።

እሁድ ልጆቹ እንደ ወትሮው ስልኩ ዙሪያ ቁጭ ይላሉ። እንደማይጮህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብትቀርስ? አልዋሽህም፣ ከቅዳሜው ድንጋጤ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሰላምታዬን አሁን ልስጥህ። እንደምን ከረምክልኝ? መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኝህን እይ፣ መኪናው በዝቷል። ከዚያ መስኮት አንስቶ የእኛን ደጃፍ እስክትረግጥ ድረስ ፈጣሪ እግርህን ያጽናልህ።

ውጭ አገር ያለችው
ባለቤትህ