የአርዲት አምስት ዶላር

ኤፕሪል 7
ሃምሳ ሁለት ደረሰ። ስምንት ይቀራል። ስድሳ የአውራጃችን ሰው ፈርሞ ከኪሱ አምስት አምስት ዶላር ካዋጣልኝ፣ ለግዛቱ ምክር ቤት የምወዳደርበትን ወጪ መንግሥት ይሸፍናል። የማንም ሀብታም ደጅ አልጠናም።
ቁርስ ቤት ድዋይት ፔልኪ እጁን ዘረጋልኝ። ተቀናቃኜ... የምንጫችንን ውሃ አሽጎ የሚሸጠው ኩባንያ ተላላኪ። አልጨበጥኩትም።
«አልነክስም እኮ፣ ማርሴል።»
«አንተማ አትነክስም። ጌቶችህ ናቸው እንጂ።»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ምን ያፍራል?

ኤፕሪል 11
ኩባንያው ምንጫችን ላይ ሦስተኛ ጉድጓድ ሊቆፍር ነው። የጎረቤቴ የአርዲት ጉድጓድ ከወዲሁ ጭቃ ይተፋል። በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው እኔ ነኝ ውሃ በጀሪካን የማመላልስላቸው።

ኤፕሪል 16
ስድሳ ሞላ። የመጨረሻዋ አርዲት ናቸው። ፈረሙ፣ ቦርሳቸውን ግን ፈልገው አጡት።
«ነገ ና፣ ልጄ።»
ነገማ የማስረከቢያው ቀን ያልፋል። ከራሴ ኪስ አምስት ዶላር አውጥቼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ። ክልክል ነው... ግን ለአምስት ዶላር ማን ይጠይቃል?

ኤፕሪል 23
ጠየቁ። ከምርጫ ቢሮ ለአርዲት ተደወለላቸው። «ኧረ ማርሴል ነው የከፈለልኝ፣ ደግ ልጅ ነው» ብለው አረፉት። ለእኔም በኩራት ነገሩኝ።
የእሳቸው ፊርማ ተሰረዘ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ብቻ ቀረኝ። የመንግሥቱ ገንዘብ ቀረ። ድዋይት በአንድ እራት ሺዎች ሲሰበስብ ሕጋዊ ነው፣ የእኔ አምስት ዶላር ረከሰች። ቱ! ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ደንቡን ማወቄ ነው።

ሜይ 2
የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ከርት ቤቴ መጣ።
«እኛ ለሁለቱም ተወዳዳሪ ነው የምንሰጠው። ቂም አናውቅም።»
«በምላሹስ?»
«ምንም። ስለ ውሃው ብቻ ትንሽ ረጋ በል።»
አንድ ቼክ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሄደ። አሳማ። ነገ እቀደዋለሁ።

ሜይ 3
አልቀደድኩም። ፖስተር ማሳተም ስንት ይፈጅ ይሆን?

ሜይ 19
ፖስተሮቼ ከድዋይት ጎን ተሰቅለዋል። ቀለማቸው ያምራል። ቁርስ ቤት እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። ማንም አልሳቀም።
ከሰዓት ለአርዲት ውሃ ወሰድኩ። ቦርሳቸው ተገኝቷል። አምስት ዶላር አጥፈው ጠበቁኝ።
«እንካ፣ የሰው ገንዘብ አልወድም። ስለ ጉድጓዱ መቼ ነው የምትናገርልኝ?»
«በቅርቡ» አልኳቸው። አምስት ዶላሯን ኪሴ ከተትኩ።