ለመስቀል የተተወ አክስል

ነሐሴ 29፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ዛሬም ላንድሮቨሩ ሥር ነኝ። ጀርባዬ ጭቃ፣ ፊቴ ግራሶ። ጥገና ግን አይደለም፤ ማፍረስ ነው። የጤና ጣቢያውን መኪና የፊት አክስል በገዛ እጄ ፈታሁ። ሁለቱን የፊት ጎማ የሚሸከመውን ብረት፣ እንዳለ። ወስጄ በባላባቱ በግራዝማች ሽብሩ ላንድሮቨር ላይ አሰርኩት። የእሱ ተሰንጥቋል። ጤፍ ከልክ በላይ ጭኖ ወደ ጊቤ ቆላ ሲወርድ ቦይ ውስጥ ገባ። በምትኩ የተሰነጠቀውን ሰጠኝ። አለቃዬ ድሬሰር አስፋው ብድር ነው ይላል። ከአዲስ አበባ ሌላ እስኪመጣ፣ ለመስቀል ይመለሳል። አስፋው ግራዝማች ፊት ድምፁ ይጠፋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ጳጉሜ 2
ወልቂጤ ደርሼ መጣሁ፣ የተሰነጠቀውን በጭነት መኪና አስጭኜ። በያጁ አገላብጦ አየው። ስንጥቁ ይበየዳል፤ የአክስሉ ቱቦ ግን ጎብጧል፣ ጎማው አቅጣጫ አይዝም፣ ሰው ልትገድልበት ነው አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። መኪናዬ ድንጋይ ላይ ቆሟል። በሽተኛ ሲመጣ አይቶት ይመለሳል። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? አገሬ ጎጃም፣ ዘመዴ ሩቅ።

መስከረም 11፣ ጠዋት
ግራዝማች ደጅ ሄድኩ። አክስሉን ጠየቅኩ፣ በአክብሮት፣ እርስዎ ብዬ። ሰው ሞልቷል። ለማኝ ሾፌር አለኝ። አገር የለህም፣ አፍ ብቻ ይዘህ መጣህ አለኝ። ሳቁ። ወጣሁ። እስካሁን ያመኛል።

መስከረም 15
ሽማግሌዎች መጥተው ግራዝማች ቤት ወሰዱኝ። መሪያቸው አቶ ዘርጋ ናቸው፣ የማከብራቸው ሰው። እዚህ አገር ቂም ይዞ መስቀል አይገባም። ከአዲስ አበባም ከየትም ሰው ሁሉ ቤቱ እየገባ ነው፤ የተጣላ ሳይታረቅ ክትፎ አይቀርብለትም። ግራዝማች ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እውነት ጎንበስ አለ። በመካከላችሁ ያለውን ለመስቀል ተውከው ወይ አሉኝ አቶ ዘርጋ። ስድቡን መስሎኝ፣ ትቻለሁ አልኩ። ከአንድ ጣባ በላን። ቆጮው ጥሩ ነበር። ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ሞኙ።

መስከረም 19
አክስሉን ልወስድ ሄድኩ። መኪና ማንሻውን ክሪክና የብሎን ቁልፍ ይዤ። ግራዝማች ፈገግ አለ። ትቻለሁ አላልክም? አለ። አቶ ዘርጋን ጠሩልኝ። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ልጄ፣ ለመስቀል የተተወ ነገር አይነሳም፤ ያነሳ ሰው ነውረኛ ነው፤ ለይተህ ሳትናገር ሁሉንም ተውክ አሉኝ። ስድቡን ነው የተውኩት አልኩ። ማን ይስማኝ? እኔ ቃል ሰጠሁ፣ እሱ ብረት ወሰደ። አስፋው ደግሞ ስትታረቅ እኔን አላማከርክም ብሎ ተቆጣኝ! እሱ ነው ያበደረው። በስመ አብ።

መስከረም 24፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ከድር የሚባል ገበሬ ከወደ ጉመር ሚስቱን በቃሬዛ አመጣ። ምጡ ከትናንት ጀምሮ ነው። አስፋው አይቷት ፊቱ ተለወጠ፤ አታት ሆስፒታል፣ አሁኑኑ አለ። መኪናዬ ድንጋይ ላይ። ግራዝማች ጋ ሮጥኩ። የለም። የመስቀል እንግዶቹን አዲስ አበባ ሊያደርስ ሄዷል፣ በእኔ አክስል። አብረውት የመጡት ሰዎች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ወረዱ። እኔም ተሸከምኩ፣ እስከ ወንዙ። ከዚያ አስፋው ሰው ልኮ መለሰኝ።

መስከረም 25
አታት ሳትደርስ ሞተች። ልጁም።
ከድር ሲመለስ በደጃችን አለፈ። አሰላሙ አለይኩም አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ሰላምታ አልረሳም። ቆሞ መኪናውን አየ። መኪናው ታሞ ነው? አለ። አዎ አልኩት። አላህ ያሽረው ብሎ ሄደ። አዎ ማለቴ ነው የሚያንገበግበኝ። እውነቱን ብነግረው ምን ያደርገኝ ነበር? ፈራሁ። ግራዝማችን አይደለም፤ የከድርን ዓይን።

መስከረም 27፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት
ግራዝማች ተመልሷል። አቶ ዘርጋ ቤት ደርሼ መጣሁ። ቃሌን አንስቻለሁ አልኳቸው። ይህ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሸንጎ አትቀመጥም፣ ማንም ከአንተ ጋር አይበላም አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ሲሸኙኝ እስከ በር ድረስ ወጡ።

ነገ የአገና ገበያ ነው። ግራዝማች መኪናውን ዋርካው ሥር ነው የሚያቆመው። ክሪኩን ዘይት ቀባሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው ሁሉ እያየ መኪናው ሥር እገባለሁ። ነውረኛ ይበሉኝ፣ ነኝ። ለምን እንደምፈታ ለጠየቀኝ ሁሉ የከድርን ሚስት ነገር እነግረዋለሁ፣ ለከድር ያልነገርኩትን። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ያጠበቅኳቸው እኔ ነኝ፤ የግራው ትንሽ ይይዛል፣ መጀመሪያ እሱን እፈታለሁ።