የእማማ ዋጋዬ ድምፅ

ይድረስ ለእናቴም ለእኅቴም ለሆንሽው ለዓለምጸሐይ፤ ደሴ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የጥር ብርድ ይነሣበታልና ሹራቡን ደርበሽ እንደምትወጪ ተስፋ አደርጋለሁ። ጋሼስ ደኅና ናቸው? ፍቅር ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? የዕድሩ ሰዎችስ፣ የግቢው ሰውስ ሁሉም በሰላም ነው ወይ? እኔም፣ አክሱማዊትም፣ ልጃችን ሮሆቦትም አምላክ የተመሰገነ ይሁን በአካል ደኅና ነን። በአካል ያልኩት አውቄ ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

በኅዳር የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ምርጫው እየቀረበ ስለሆነ የሰንበቴው ሰዎች ማንን እንምረጥ እያሉ እንደሚጨቃጨቁ፣ አንቺም «ወንድሜ ኦስሎ መጽሐፍ ያስተምራል፤ የአገር መሪ ሲመረጥ ቃሉ ምን እንደሚል ሁለት ገጽ ይጽፍልናል» ብለሽ ቃል እንደገባሽ ነግረሽኛል። መልስ ሳልሰጥሽ ሁለት ወር አለፈ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። አፌ እንቢ ስላለኝ በወረቀት ይሁን ብዬ፣ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ። እታለም፣ እኔ ስለዚህ ጉዳይ የማስተምር ሰው አይደለሁም። ለምን እንዳልሆንኩ ልንገርሽ።

እዚህ በየአራት ዓመቱ የከተማና የሰፈር ምክር ቤት ምርጫ አለ። ዜግነት የሌለውም ሰው ሦስት ዓመት ከኖረ ይመርጣል። በ2015 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ለእኛ ሰፈር ምክር ቤት ሁለት የአገራችን ሰዎች በተለያየ ፓርቲ ቀርበው ነበር። አንዷ መሱዳ ናት። የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት፤ የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እዚህ ሰፈራችን ሊንደበርግ ውስጥ እሷ ያልረዳችው ሐበሻ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ሲልክ የሚነበበው እሷ ቤት ነው። ሮሆቦት ተወልዳ ትንፋሽ ያጠራት ጊዜ፣ እኛ ቋንቋው ገና ሳይገባን፣ ሆስፒታል ሦስት ቀን አብራን የዋለች፣ ሐኪሙ የሚለውን ቃል በቃል የነገረችን እሷ ነበረች። ሌላው ፊሊሞን ነው። የጽዳት ድርጅት አለው፤ እኔም የምሠራው እሱ ዘንድ ነበር። በጽዋ ማኅበራችን አብረን እንጠጣለን።

ከምርጫው አንድ ወር በፊት ፊሊሞን ጠርቶኝ፣ ሰው በአንተ ንባብ ያምናል፣ አንድ ነገር በልልኝ አለኝ። ከተመረጠ እንደማይረሳኝ፣ ከማለዳው ሥራ አውጥቶ የቡድን ኃላፊ እንደሚያደርገኝም ጨመረበት። ያን ጊዜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሣሁ መወልወያ ስገፋ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሺም እንቢም አላልኩትም። ዝም ማለቴ እሺ እንደሆነ ግን እሱም አወቀ፣ እኔም አወቅሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ማኅበራችን ቫይትቬት በተከራየነው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ተነሣሁና ስለ መሪ አመራረጥ ከመጽሐፍ እናያለን አልኩ። በመጀመሪያ ዮቶር ለሙሴ የመከረውን አነበብኩ፤ «እግዚአብሔርን የሚፈሩትን» እስከሚለው ድረስ ብቻ። ቀጥሎ ያለው «የታመኑ፣ የግፍንም ረብ የሚጠሉትን» የሚለው ነው፤ ያለ አግባብ የሚገኝን ጥቅም የሚጠሉ ማለት ነው። እዚያ ስደርስ ዓይኔ ቃሉን አየው፣ አፌ ግን ዘለለው። ከዚያ ዘዳግም አሥራ ሰባትን ገለጥኩ፤ ከወንድሞችህ ያልሆነውን በላይህ አታንግሥ የሚለውን። የማንንም ስም አልጠራሁም። «የገባው ይግባው» ብዬ ብቻ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ግን ገባው፤ መሱዳ እስላም ናት፣ ፊሊሞን የማኅበራችን ሰው ነው።

አክሱማዊት ከኋላ ሆና፣ «በዚህ ጥቅስማ ከሄድን ኖርዌዮቹም እኛን አንዳችንንም መምረጥ የለባቸውም» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። በባቡር ስንመለስ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብዬ ተቆጣኋት። ሮሆቦትን አቅፋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እታለም፣ ይህ እንኳ ትንሹ ነው። ትልቁን ልንገርሽ።

እማማ ዋጋዬ የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ሴት አሉ፤ ፎቃችን አንድ ነው። እዚህ ከመጡ ረጅም ጊዜያቸው ነው፤ ዘመድ የላቸውም። ዳዊት ይደግማሉ፣ የፈረንጁን ፊደል ግን አይለዩም። ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። በምርጫው ዋዜማ ቤቴ መጡና፣ «አብርሽ፣ እኔ መሱዳን ነው የምመርጠው። ቃሉን አንብበሃል፣ ሰምቻለሁ፤ ግን ያቺ ልጅ ወገቤን ስታመም ያጠበችኝ ናት፣ እግዜር ይህን አይቆጣም። የፓርቲዋን ስምና የሷን ስም በትልልቁ ጻፍልኝ፤ እዚያ ገብቼ ካለው ወረቀት ጋር አመሳስዬ ምልክት አደርጋለሁ» አሉኝ።

ወረቀትና ብዕር አወጣሁ። በትልልቁ፣ በጥንቃቄ፣ የፊሊሞንን ፓርቲና የፊሊሞንን ስም ጻፍኩ።

አመንትቼ ነበር ብዬ ራሴን አላሳምርልሽም። መርቀውኝ ወጡ። በማግስቱ ድምፅ ከሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቄ ወደ ቤት ስመልሳቸው፣ የልጄን ውለታ መለስኩ እያሉ ሲደሰቱ አብሬ ደስ አለኝ አልኩ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር።

መሱዳ በጥቂት ድምፅ ቀረች፤ ፊሊሞን ገባ። የአንድ አሮጊት ድምፅ አይደለም የለወጠው እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነትም ላይሆን ይችላል፤ ግን ጥቅሴን ሰምቶ የመረጠ ያዳራሹ ሰው ሁሉ ነበረ። ፊሊሞን ጥቂት ስብሰባ ተቀመጠና ላምበርትሴተር ቤት ገዝቶ ሄደ፤ ከሰፈሩ ሲወጣ ወንበሩንም ተወው። ለእኔ ቃሉን ጠብቋል። የቡድን ኃላፊ ሆንኩ፤ ለአንቺም ሹመት አገኘሁ ብዬ ደውዬልሽ እልል ብለሽልኛል። ያ እልልታሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ስሰማው አንገቴን እደፋለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ በሳምንቱ፣ ከሥራ ስመለስ መሱዳ ሊንደበርግ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሌላ ምርጫ ደርሶ ነበር፤ ይህኛው የአገሪቱ ምክር ቤት ነው፤ እሷ በዚህ አልተወዳደረችም። እማማ ዋጋዬ ግን ዜግነት ስላላቸው ሊመርጡ ፈልገው፣ ያኔ የጻፍኩላቸውን ወረቀት ከውዳሴ ማርያማቸው ውስጥ አውጥተው፣ «አንቺን የመረጥኩበት ይኸውልሽ፤ ዘንድሮም ያው ልጅ ይጻፍልኝ» ብለው አሳይተዋታል።

መሱዳ አልጮኸችም። ከሥራ የሚመለስ ሰው በአጠገባችን ያልፋል፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ለእማማ አልነገርኳቸውም» አለች። «አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ መለስኩላቸው። ሐኪም ቤት የምትወስዳቸው አንተ ነህ። አንተን ማመን ከተዉ ማንን ይይዛሉ ብዬ ዝም አልኩ።»

ይቅር በይኝ አልኳት።

«እኔን ተወኝ። ወንበሩ የኔ አልነበረም፤ ሰው ከሰጠኝ እቀመጣለሁ፣ ካልሰጠኝ ሥራዬ አለ። የሳቸው ድምፅ ግን የሳቸው ነበር» አለችና ደረጃውን ወረደች።

እኔ የገዛ ወገኔ አይደለችም ብዬ መጽሐፍ የገለጥኩባት ሴት፣ የእኔን ገመና ሸፍና የአሮጊቷን ልብ ስትጠብቅ ነበር። «እግዚአብሔርን የሚፈሩትን» ስል ማንን እያሰብኩ እንደነበረ ያን ቀን ራሴን ጠየቅሁ። ቤት ገብቼ ለአክሱማዊት ሁሉንም ነገርኳት። «ለኔ መንገሩ ቀላሉ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ እማማ ዋጋዬ ቤት ሄድኩ። ድንች ይልጡ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ተቀመጥ አላሉኝም። ድንቹን መላጥ አላቆሙም፣ ልጣጩ ብቻ እየወፈረ ሄደ። ስጨርስ፣ «መጽሐፉንም ያነበብከው ለዚሁ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ለሥራው ብዬ ነው አልኳቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«እኔ እኮ የማላነበው የነሱን ፊደል ነው» አሉ። «ሰው ማንበብ እችላለሁ ብዬ ነበር።»

በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ።

ምርጫው ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት ዋለ። ከቀትር በኋላ ስልኬ ጠራ፤ «ና ውሰደኝ» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ክንዳቸውን ከክንዴ አወጡና ምርጫውን የምታስፈጽመውን ልጅ በምልክት ጠርተው ከእሷ ጋር ገቡ። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጥላ ስዘረጋላቸው በእጃቸው ገፉት፤ የሩፋኤል ዝናብ ነው፣ ይንካኝ አሉ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ መንገድ ስንጀምር፣ «ማንን እንደመረጥኩ አልነግርህም» አሉኝ። እሺ እማማ አልኩ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪም ቤት ግን አሁንም አብረን እንሄዳለን።

በመስቀል ሰሞን በማኅበሩ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። አንዳንዱ ገመናችንን ለምን ታወጣለህ አለኝ፤ አንዳንዱ አለቀሰ። ከእንግዲህ እንዳላነብ ራሴ ለመንኳቸው፤ አሁን ከኋላ ነው የምቀመጠው። ይህን ስጽፍልሽ ጀግና እንዳልመስልሽ፤ የኃላፊነቱን ሥራ እስከ ኅዳር አልለቀቅኩም። ጥፋቴን ከተናዘዝኩ በኋላ እንኳ ሁለት ወር ሙሉ ፍሬውን እየበላሁ ቆይቻለሁ። ስለቅ ፊሊሞን፣ ሁሉም ሰው ለወገኑ ያደርጋል፣ ምን አስጨነቀህ አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እውነት መስሎት ነው። ለእኔም ያኔ መስሎኝ ነበር። አሁን ሌላ ድርጅት ዘንድ ማለዳ ተነሥቼ እወለውላለሁ።

እንግዲህ እታለም፣ ስለጠየቅሽኝ የማውቀውን ያህል እላለሁ። ለሰንበቴው ሰዎች የዮቶርን ምክር አንብቢላቸው፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አንብቢ። ዘዳግም አሥራ ሰባትን የሚጠቅስ ሰው ቢነሣ፣ አንድ ቅጠል ወደኋላ ይመለስና ጉቦ የጥበበኞችን ዓይን ያሳውራል የሚለውን ያንብብ በይው። እኔ ዓይኔን ያሳወረኝ ብር አይደለም፣ ማለዳ አለመነሣት ነው። ተወዳዳሪውን ከመመርመራቸው በፊት ደግሞ ጥቅሱን የሚያነብላቸውን ሰው ይመርምሩ፤ ምን ተስፋ ተሰጥቶት ነው ይበሉ። ፊደል የማይለዩ አዛውንት ካሉ አንድ ሰው ብቻውን አይጻፍላቸው። አንቺም ብትሆኚ ብቻሽን አትጻፊላቸው።

ከፈቀድሽ ደግሞ ይህንኑ ደብዳቤ አንብቢላቸው። አንድ ሰው እንዲህ አደረገ ብለሽ አትሸፍኚልኝ፤ ወንድሜ በያቸው። ስታነቢው ድምፅሽ እንደሚሰበር አውቃለሁ። ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝና ይቅር በይኝ።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳምኩ በይልኝ። ፍቅርን፣ አጎትሽ ይናፍቅሻል፣ የጠየቅሽውን መጽሐፍ ይልክልሻል በያት። የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊውን በየስማቸው ሰላም በይልኝ። አክሱማዊት እጅ ነሥታለች፤ ሮሆቦት የራሷን ስም በአማርኛ ጽፋ ከዚህ ጋር ልካልሻለች፣ ሁለተኛዋ ፊደል ተገልብጣለች፣ እንዳታርሚባት። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሰብሪና፣ እናታችን ስትሞት እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ዓመት ሙሉ ከልጆቻቸው ጋር ላበሉኝ፣ ሰላምታዬን እንዲሁ አትስጪያቸው። መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንብቢላቸው። ከዚያ በኋላ የአብርሃምን ሰላምታ ይቀበላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ያሉሽንም ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
አብርሃም

ኦስሎ፣ ሊንደበርግ
ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.