ለጠመኔም ጸለይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር። ጉልበቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ነው የሚናገረው። ስልክ ስትደውይ ድምፅሽ ይቸኩላል፤ እኔም አብሬሽ እቸኩልና ልነግርሽ ያሰብኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ዛሬ ግን በሬን ዘግቼ፣ ሻዬን አጠገቤ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ጠመኔ ነው። ስሙን ስታዪ ወረቀቱን እንዳትጥዪው፤ ለአባትሽ ስትዪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መምህርሽ ስለነበር በደንብ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ቀድሜ ያወቅኩት ግን እኔ ነኝ። ልጆች ሆነን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ቅዳሴ ላይ ሻማ ይዘን ቆመናል። የኮቱ እጅጌ ዘወትር በጠመኔ እንደነጣ ስለሚውል ሠፈሩ ይህን ስም አወጣለት። መንገድ ለማስፋት ቤቶቻችን ሊፈርሱ ነው ሲባል፣ «አንድ ግድግዳ ከመንካታቸው በፊት እኔን ይግፉ» ብሎ ለምክር ቤት የተወዳደረው እሱ ነው። አንቺ ፎቶውን ስትለጥፊ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ነበር። ፀጉር ቤቴ መጥቶ ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ምላጭ በእጄ ይዤ «እሱን ምረጡ» እል ነበር፤ ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ያሸነፈ ቀን አንቺና እኔ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ተንበርክከን አመሰገንን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልደግመውም። ድምፅ ሲሰጥ እጁን ከአፍራሾቹ ጋር አወጣ። በሬዲዮ ቀርቦ «ሁኔታዎች» አለ፣ «ሰፊው ጥቅም» አለ። ያን ቀን እራትሽን ሳትነኪ ተነሳሽ። «አባዬ፣ አብረን ነው የጸለይንለት። ማን ነበር ሲሰማን የነበረው?» አልሽኝ። ስትሄጂ መቁጠሪያሽን መሳቢያው ውስጥ ትተሽው እንደሄድሽ አይቻለሁ። አልጠየቅኩሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደንበኛዬ ሳሳ። ያ ከጀርባችን የሚኖረው ግንበኛ፣ ግማሽ ፊቱን ላጭቼለት ሳለ፣ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና «እኔ እኮ ሰውየውን አላውቀውም ነበር፤ አንተን ብዬ ነው» አለኝ። ቁጣ የለውም። የቀረውን ላጨሁለት፣ አንገቱን ጠረግኩለት፣ አመስግኖ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም አላረፍኩም። እሑድ እሑድ የምእመናንን ጸሎት የማነበው እኔ ነኝ አይደል? «ለሚያስተዳድሩን» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ አፌ ተሳሰረ። ዘለልኳትና ወደ ሕሙማን አለፍኩ። ማንም ያላስተዋለ መስሎኝ ነበር። አባ ግን ልብሰ ተክህኖአቸውን እያወለቁ «አንዷን ምን በላት?» አሉኝ። እንዳቃተኝ ነገርኳቸው። ምክር ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ልብሱን አጣጥፈው ካስቀመጡ በኋላ «እኔም ይከብደኛል። አሳምረህ አንብብ ያለህ ግን የለም፤ አንብባት ብቻ» አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ አፌ ውስጥ አጉረምርሜ አነበብኳት።

የባሰው ሌላ ነበር። የጠመኔ እናት አልጋ ከያዙ ወዲህ አባ ፈቅደውልኝ ሐሙስ ሐሙስ ቅዱስ ቁርባን የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ድምፅ በኋላ በዚያ በር መግባት አልቻልኩም። አባን ሌላ ሰው ይላኩልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ ብለው አንዲት መነኩሲት ላኩ። አሮጊቷ ግን «ያ ፀጉር አስተካካይ ምነው ታመመ?» እያሉ ጠየቁ። አሁንም ጠየቁ። የታመመ ሰው ስለ እኔ ጤና ሲጨነቅ ዝም ማለቱ አሳፈረኝና ሄድኩ።

ክፍሉ መጋረጃው ወርዶ ጨለም ብሏል። ዓይናቸው ከድቷቸዋል፤ በእርምጃዬ ነው ያወቁኝ። ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ፣ ሻማ አብርቼ፣ ቁርባኑን የያዝኩባትን ትንሽ ሳጥን አስቀምጬ ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ ቃሉን አጠፈ ይላሉ። ሠራተኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። እሱን ስጠይቀው ሥራ በዛብኝ ይለኛል። አንተ አትዋሸኝም፤ እውነት ነው?»

ልጄ፣ በሥጋ ወደሙ ፊት ቆሜ ምን ልበል? ስንት ጊዜ ይህን ሰው በሰው ፊት ላዋርደው ተመኝቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የተመኘሁት ራሱ እጄ ላይ ወድቆ አልፈልገውም አልኩ። ቢሆንም «እውነት ነው እማማ» አልኳቸው።

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም።

«እንግዲያው ከቁርባኑ በፊት እንጸልይለት» አሉኝ። «እኔ ብቻዬን ደክሞኛል፤ አግዘኝ።»

አባታችን ሆይን ጀመርን። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ። እሳቸውም ቆሙ። ጠበቁኝ። እንደማልቀጥል ሲያውቁ ስለ እኔም ጭምር እሳቸው አሉት፤ እኔ «አሜን» ላይ ደረስኩባቸው። ያ ጥያቄሽ እዚያ አልጋ አጠገብ ትዝ አለኝ። አሁንም ማን እንደሚሰማን አላወቅኩም። እማማ ግን ልጃቸው ምን እንዳደረገ እያወቁ ነው የጸለዩት፤ አንቺና እኔ ስንጸልይ ያሸነፍን መስሎን ነበር።

ዞር ስል ጠመኔ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደገባ አላውቅም። እስከ ውጭው በር ሸኘኝ። ኮቱ አዲስ ነው፣ እጅጌው ንጹሕ።

«ለምን ነገርካት?» አለኝ።

«ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እርስዎም ሲጠየቁ ይንገሯቸው።»

«እርስዎ» ስለው ከስድብ በላይ ጎዳው መሰለኝ፣ ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ፤ ማን እንደገፋው፣ እምቢ ቢል ምን እንደሚመጣ። ማብራሪያውን በሬዲዮ እንደሰማሁት ነገርኩትና ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። ከዚያ ወዲህም ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ። አንዳንዴ እሱም ከእናቱ አልጋ ማዶ ይቆማል፤ ሦስታችን እንጸልያለን፣ እኔም ያን ቃል አሁን ራሴ እለዋለሁ። በልቤ ገብቶ እንደሆነ ግን አላውቅም። አባ ስለዚህም አልመከሩኝም፤ ሄደህ ና ነው የሚሉኝ።

አሁን በስልክ የሸሸግኩሽን ልንገርሽ። ቤታችን ፈርሷል። ባለፈው ወር ነው። ደህና ነው ወይ ስትዪኝ ደህና ነው ያልኩሽ አንቺ እዚያ ብቻሽን ሆነሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። አትደንግጪ፤ አባ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል። ወንበሬና መስታወቴ አዳራሹ ጥግ ላይ ናቸው፤ ጥቂት ደንበኞችም አሉኝ።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን ማን እንደመጣ ታውቂያለሽ? ግንበኛው። መዶሻና መፈንቀያውን ይዞ «እነሱ ከሚሰባብሩት እኔ ልንቀለው» አለኝ። በሩን፣ መስኮቶቹን፣ ያንቺን ክፍል መደርደሪያ፣ አንዱንም ሳይሰብር በእጁ ነቅሎ አወጣልኝ። ስለ ምርጫው ቃል አልተነፈሰም። ወንበሩን አብረን ስንሸከም ብቻ «ይህን ነገር ከምን ነው የሠሩት፣ ከባቡር?» አለኝ። ልጄ፣ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅኩም።

አሁን እሱና እኔ፣ ሌሎችም፣ በየሳምንቱ ምክር ቤቱ ኮሪደር እንቀመጣለን። ተከራይ የነበሩት ሰዎች ምትክ ቤት አልተሰጣቸውም፤ ለእነሱ ነው የምንጠይቀው። አግዳሚው ጀርባ ይቆርጣል፣ ጸሐፊዋ ስታየን ትቃስታለች። እስካሁን ያገኘነው «ተመለሱ» የሚል መልስ ብቻ ነው። እኛም እንመለሳለን። ጠመኔ በኮሪደሩ ሲያልፍ አንዳንዴ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፣ አንዳንዴ ቆሞ ስለ እናቱ ይነግረኛል። እንደገና ተታለልክ ትዪኝ ይሆናል። በሰውየው ተስፋ አድርጌ አይደለም የምሄደው። ቤት ቁጭ ብዬ ስውል ግን ከእግዚአብሔርም ከሰውም እንደተጣላሁ ይሰማኛል፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ አይሰማኝም። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልገልጽልሽ አልችልም።

ስለ እኔ አታስቢ። ምግቤን አብስዬ እበላለሁ፤ ሾርባዬ ዛሬም ለሁለት ሰው ስለሚሆን በማግስቱ አሙቄ እበላዋለሁ። ማታ ማታ ከአዳራሹ የመዘምራኑ ልምምድ ይሰማል፤ ጥሩ ነው፣ ሲጨርሱ ግን ግቢው ጭር ይላል።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴው ሞልቶ ነበር። እናትሽ ካረፈች ወዲህ አንቺና እኔ የምንቀመጥበት አግዳሚ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ወዳለው ያንቺ ቦታ እያሳየች «ሰው አለው?» አለችኝ። ሳላስበው «አዎ፣ አለው» አልኳት። ከዳር ቆመች። ወንጌሉ ተነቦ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እሷ ቆማ ቀረች፤ እግሬን ያመኛል የምትል ዓይነት ሴት ናት። አፈርኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ሲገባኝ ተነሳሁና የራሴን ቦታ ለቀቅኩላት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሜ አስቀደስኩ። እሷም አልፎ አልፎ ባዶውን ቦታ፣ ከዚያ እኔን ታያለች።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅና፤ የሰው ፊት አያሳይሽ። እመቤታችን ከጎንሽ አትለይ። መጸለይ ቢያቅትሽ ግድ የለም፣ ባንቺም ምትክ እኔ እላለሁ።

የሚወድሽ
አባትሽ